ወፍራም ሰውነት፣ የተራበ አጥንት

ዛሬ የምንነጋገረው አንዲት እናት በላኩልኝ ጥያቄ ላይ ነው። ጥያቄው የብዙዎች ስለሆነ ለሁላችሁም እንዲጠቅም በዚሁ ዓምድ ልመልሰው ወደድኩ።

ጠያቂያችን የ42 ዓመት ሴት ናቸው። ቁመታቸው 1 ሜትር ከ62፣ ክብደታቸው 118 ኪሎ ነው። የስኳር ሕመም አለባቸው፣ ጉልበታቸውንም ክፉኛ ያማቸዋል። ምግብ በመቀነስም በእግር ጉዞም ለዓመታት ሞክረው አልሆነላቸውም። በመጨረሻ ከሐኪማቸው ጋር ተማክረው ጨጓራን በማሳነስ የሚሠራውን የክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና ለማድረግ ወስነዋል። ቀጠሯቸው ሰባት ሳምንት ቀርቶታል። ለዝግጅት በተደረገላቸው የደም ምርመራ ታዲያ የቫይታሚን ዲ መጠናቸው 11 ሆኖ ተገኘ።

«እኔ እኮ ምግብ ጎድሎኝ የማላውቅ ሰው ነኝ» ይላሉ በደብዳቤያቸው። «የምኖረውም ፀሐይ በሞላበት አገር ነው። ታዲያ ቫይታሚን እንዴት ያንሰኛል? ላቦራቶሪው ተሳስቶ ይሆን? ለሕክምናው የከፈልኩት የሁለት ዓመት የዕቁብ ገንዘቤን ነው። ቀጠሮዬ ይሰረዝብኝ ይሆን ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።»

ላቦራቶሪው ላይ አንፍረድ

በመጀመሪያ ቁጥሩን እንረዳው። የእርስዎ ውጤት የተጻፈው በናኖግራም በሚሊ ሊትር ነው። በዚህ መለኪያ ከ20 በታች የሆነ ውጤት በተለምዶ እጥረት ይባላል። ከ20 እስከ 30 ያለው መጠነኛ ማነስ ነው። ለክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና ለሚዘጋጁ ሰዎች ሐኪሞች የሚፈልጉት ቢያንስ 30 እንዲደርስ ነው። ስለዚህ 11 ዝቅተኛ ነው፤ ሆኖም እንግዳ ነገር አይደለም። በተለያዩ አገሮች በተደረጉ ብዙ ጥናቶች፣ ለዚህ ቀዶ ሕክምና ከሚዘጋጁ ሰዎች መካከል ከግማሽ የሚበልጡት የቫይታሚን ዲ እጥረት ተገኝቶባቸዋል።

እዚህ ላይ ወረቀታቸውን ይዘው ከአገር አገር ለሚዞሩ ሁሉ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። እንደ እንግሊዝ ባሉ አገሮች ውጤቱ የሚጻፈው በናኖሞል በሊትር ነው። በዚያኛው መለኪያ ቁጥሩ በሁለት ተኩል እጥፍ ያድጋል። በአንዱ 18 የተባለው በሌላው 45 ይሆናል ማለት ነው። ከለንደን የመጣ ወረቀት ላይ 45 አይተው «ኧረ ጥሩ ነው» ብለው የሚዘናጉ ሰዎች አሉ። ከቁጥሩ ጎን የተጻፈውን መለኪያ ሳያዩ አይደሰቱም፣ አይደንግጡምም።

ትልቅ ድስት፣ አንድ ማንኪያ ጨው

ቫይታሚን ዲ ከሌሎቹ ቫይታሚኖች የሚለየው ሰውነታችን ራሱ ሊሠራው መቻሉ ነው። ከፀሐይ የሚመጣው አልትራቫዮሌት ቢ የሚባለው ጨረር ቆዳችን ላይ ሲያርፍ፣ እዚያ ያለው ጥሬ ዕቃ ወደ ቫይታሚን ዲ ይለወጣል። ጉበት ተቀብሎ አንድ ለውጥ ያደርግበታል፤ በደም ምርመራ የሚለካው ይህ ነው። ከዚያ ኩላሊት የመጨረሻውን ሥራ ይሠራና ለአገልግሎት ያበቃዋል።

ቫይታሚኑ በውሃ ሳይሆን በስብ የሚሟሟ ነው። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። በቦስተን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት ወፍራም ሰዎችንና ወፍራም ያልሆኑ ሰዎችን ለእኩል ጨረር አጋለጡ። በቆዳቸው ውስጥ የነበረው ጥሬ ዕቃ ተቀራራቢ ነበር። በወፍራሞቹ ደም ውስጥ የታየው የቫይታሚን ዲ ጭማሪ ግን ከሌሎቹ በ57 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ቆዳቸው ሥራውን ሠርቷል፤ የተሠራው ግን ወደ ደም በበቂ መጠን አልደረሰም።

ነገሩን በጓዳ ምሳሌ ላስረዳ። አንድ ማንኪያ ጨው ለሦስት ሰው በሚበቃ ድስት ውስጥ ቢጨመር ወጡ ይጣፍጣል። ያንኑ አንድ ማንኪያ በድግስ ድስት ውስጥ ብትጨምሩት ወጡ አልጫ እንደሆነ ይቀራል። ጨው አልጎደለም፤ ድስቱ ነው የሰፋው። የቫይታሚን ዲም ነገር እንዲሁ ነው። ሰውነት ሲገዝፍ ቫይታሚኑ በስቡና በሌላውም አካል ውስጥ ተበትኖ በደም ውስጥ ያለው ይሳሳል።

ታዲያ የሚያወፍረን የቫይታሚን ዲ ማነስ ይሆን? ብዙ ሰው ይህን ይጠይቀኛል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመና ወደ 42 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን የዘር መረጃ የመረመረ ጥናት ለዚህ መልስ ሰጥቷል፤ ውፍረት ቫይታሚን ዲን ዝቅ ያደርጋል፣ የቫይታሚን ዲ ማነስ ግን ያወፍራል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ አልተገኘም። ስለዚህ ቫይታሚን ዲን «ያከሳል» ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ ገንዘባችሁን ያዙ። የምንወስደው ለአጥንትና ለጡንቻ ብለን ነው።

አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ባለበት አገር

«ፀሐይ በሞላበት አገር» ያሉት ነገር ትክክል ነው። ይሁንና ሰማይ ላይ ያለ ፀሐይና ቆዳ ላይ ያረፈ ፀሐይ አንድ አይደሉም። በአዳማ ከተማና በአካባቢው ገጠር በሚማሩ 174 ልጆች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ከልጆቹ 42 በመቶ ያህሉ እጥረት እንዳለባቸው አሳይቷል። የሚገርመው ልዩነቱ ነው፤ በገጠሮቹ 21 በመቶ ገደማ ሲሆን በከተሜዎቹ 62 በመቶ ገደማ ነበር። ፀሐዩ አንድ ነው፤ አኗኗሩ ግን ይለያያል። የገጠሩ ልጅ ውጭ ይውላል፣ የከተማው ልጅ ቤት ውስጥ።

አዋቂውም ከዚህ አያመልጥም። ጠዋት በታክሲ ሄደን፣ ቀኑን ቢሮ ወይም ሱቅ ውስጥ ውለን፣ ሲመሽ እንመለሳለን። በመስኮት የሚገባው ብርሃን ቢሞቀንም የመስኮት መስተዋት ያንን ጨረር ስለሚያስቀረው ለዚህ ጉዳይ አይጠቅምም። ጥቁር ቆዳ ከነጭ ቆዳ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ፀሐይ ይፈልጋል። «ምች ይመታኛል» ብሎ ከቀትር ፀሐይ መሸሽም የኖረ ልማዳችን ነው።

ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ሌላ ሸክም ይጨመራል። የሰው ዓይን ሰልችቶት ከቤት መውጣት ይተዋል፤ ሲወጣም ሰውነቱን ሸፍኖ ነው። ይህን በክሊኒክ ደጋግሜ የምሰማው ነው።

በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ይበልጥ ሊያስቡበት ይገባል። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች በክረምት ወራት የፀሐዩ ጨረር እጅግ ደካማ ነው። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በገቡ ሴቶች ላይ እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ ጥናትም እጥረቱ በስፋት እንዳለ አሳይቷል። በዓረብ አገሮች ቤት ውስጥ የሚሠሩ እህቶቻችን ደግሞ ፀሐይ በሚያነድበት ምድር እየኖሩ ፀሐይ ሳያዩ የሚውሉበት ቀን ብዙ ነው።

«ውፍረቱ ነው» እየተባለ የሚታለፍ ሕመም

የቫይታሚን ዲ እጥረት ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም። ሲበረታ ግን የወገብ፣ የዳሌና የእግር አጥንት ይጠዘጥዛል። የጭንና የትከሻ ጡንቻ ይደክማል፤ ከመቀመጫ ለመነሳት እጅን መደገፍ ይመጣል፣ ደረጃ መውጣት ይከብዳል። እነዚህ ምልክቶች በወፍራም ሰው ላይ ሲታዩ ሁሉም የሚለው «ውፍረቱ ነው፣ ቀንስ» ነው። አንዳንዴ እውነትም ውፍረቱ ሊሆን ይችላል። ሌላ ጊዜ ግን አጥንቱ ተርቦ ነው። ሳይለካ ማወቅ አይቻልም።

ለምን ከቀዶ ሕክምናው በፊት?

የቫይታሚን ዲ ዋና ሥራው ከምግብ ውስጥ ካልሲየምን መሳብ ነው። ቫይታሚኑ ሲጎድል አንጀት ከምንበላው ካልሲየም የሚስበው ከ10 እስከ 15 በመቶ ብቻ ነው። ሲበቃ ግን ከ30 እስከ 40 በመቶ ይደርሳል። ደም ያለ ካልሲየም አንድ ቀን መዋል አይችልም፤ ልብም፣ ነርቭም፣ ጡንቻም ይፈልጉታል። ከምግብ ካላገኘ አንገታችን ላይ ያሉት ፓራታይሮይድ የሚባሉ ጥቃቅን ዕጢዎች ሆርሞናቸውን ጨምረው ከአጥንት ያስወስዳሉ። በደም ምርመራ ካልሲየም «ደኅና» ሆኖ እየታየ አጥንት የሚመነምነው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ቀዶ ሕክምናውን እንጨምርበት። በብዛት የሚሠራው የጨጓራ መቀነሻ ቀዶ ሕክምና ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን የጨጓራ ክፍል ቆርጦ ያወጣል። ሁለተኛው ዓይነት ትንሽ የጨጓራ ከረጢት አስቀርቶ ከታችኛው አንጀት ጋር ያገናኛል፤ ምግቡ የትንሹን አንጀት የመጀመሪያ ክፍል ሳይነካ ያልፋል። ካልሲየም በደንብ የሚሳበው ደግሞ በዚያ በታለፈው ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ የሚበላው በጥቂት ማንኪያ የሚለካ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማስመለስም ሊኖር ይችላል። ክብደት በፍጥነት ሲቀንስ አጥንትም አብሮ ይሳሳል፤ በተለይ ከሁለተኛው ዓይነት ቀዶ ሕክምና በኋላ ባሉት ዓመታት የስብራት ዕድል እንደሚጨምር ታውቋል።

እጥረቱን ሳያስተካክሉ ቀዶ ሕክምና ክፍል መግባት ማለት ጎተራው ባዶ ሆኖ ክረምት መግባት ማለት ነው። ጎተራ የሚሞላው በበጋ ነው። የእርስዎ በጋ እነዚህ ሰባት ሳምንታት ናቸው።

ቀጠሮው ይሰረዛል?

ወደሚያስጨንቅዎ ጥያቄ እንምጣ። የቫይታሚን ዲ ማነስ ብቻውን ብዙውን ጊዜ ቀዶ ሕክምናን አያሰርዝም። ሕክምናው ዛሬውኑ ተጀምሮ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ይቀጥላል። ሰባት ሳምንት ቀላል ጊዜ አይደለም፤ ቁጥሩ 30 ባይደርስ እንኳ በጥሩ ሁኔታ ከፍ ሊል ይችላል። ነገር ግን አብረው መታየት ያለባቸው ምርመራዎች አሉ፤ እነሱም ካልሲየም፣ ፎስፎረስ፣ የኩላሊት ሁኔታና የፓራታይሮይድ ሆርሞን ናቸው። ካልሲየሙም አብሮ ዝቅ ካለ መጀመሪያ እሱ መስተካከል አለበት። በተቃራኒው ካልሲየሙም ሆርሞኑም ከፍ ብለው ከተገኙ ችግሩ ከዕጢዎቹ ሊሆን ስለሚችል ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል። የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው የሚሠራዎት ሐኪም ነው። ስለዚህ «ይሰርዙብኛል» ብለው ወረቀቱን እንዳይደብቁ አደራ እላለሁ። በሌላ አገር የሚሠሩ ከሆነም ውጤቱን አስቀድመው ይላኩ።

በዚሁ አጋጣሚ ብረት፣ ቫይታሚን ቢ 12 እና ፎሌትም ይለኩ። እነዚህም ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚጎድሉ ናቸው።

መድኃኒቱን እንዴት?

ለዚህ ቀዶ ሕክምና በወጡ የሙያ መመሪያዎች ላይ እጥረት ላለበት ሰው የሚመከረው በቀን ከ3,000 እስከ 6,000 ዩኒት ቫይታሚን ዲ 3፣ ወይም በሳምንት ከአንድ እስከ ሦስት ጊዜ የሚወሰድ 50,000 ዩኒት ቫይታሚን ዲ 2 ነው። ወፍራም ሰው ከሌላው የበለጠ የሚታዘዝለት ያው ድስቱ ሰፊ ስለሆነ ነው። የትኛው ለእርስዎ እንደሚስማማ የሚወስነው ሐኪምዎ ነው። ቁጥሩን የጠቀስኩት ሲታዘዝልዎ እንዳይደነግጡ ብዬ እንጂ ከፋርማሲ ገዝተው በራስዎ እንዲጀምሩት አይደለም።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። ዘመድ ከውጭ የላከው ብልቃጥ ላይ 5,000 ይሁን 50,000 ዜሮውን ሳይቆጥሩ የሚውጡ አሉ። በሳምንት አንዴ የሚወሰደውን በየቀኑ መውሰድ ደም ውስጥ ካልሲየም ያበዛል፤ ማቅለሽለሽ፣ የውሃ ጥም፣ ሽንት ማብዛት፣ የሆድ ድርቀት፣ ግራ መጋባት፣ የኩላሊት ጠጠርና የኩላሊት ጉዳት ያመጣል። «አንዴ ተወግቼ ልገላገል» የሚለውም አያዋጣም። በአውስትራሊያ ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ በሆኑ ሴቶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት በዓመት አንዴ 500,000 ዩኒት የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ በብዛት እንደወደቁና አጥንታቸው እንደተሰበረ አሳይቷል። የኩላሊት ጠጠር ወይም የሳንባ ነቀርሳ ያለባችሁ፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስዱ ለሐኪማችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ። ለመክሳት ተብሎ የሚወሰደው ኦርሊስታት የተባለው መድኃኒትም ቫይታሚኑ እንዳይሳብ ስለሚያደርግ መነገር አለበት።

እንክብሉ ስብ ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ በደንብ ይሳባል። በፍስኩ ከእንቁላል ወይም ከእርጎ ጋር፣ በጾሙ ዘይት ከገባበት ሽሮ ወይም ምስር ጋር ይሁን። በረመዳን ከኢፍጣር ምግብ ጋር መውሰድ ይቻላል።

ጾምን በተመለከተ ብዙ ጥያቄ ስለሚመጣልኝ ግልጽ ላድርገው። አብዛኛው ቫይታሚን ዲ 3 የሚሠራው ከበግ ፀጉር ከሚገኝ ቅባት ነው። ዲ 2 የሚገኘው ከእርሾና ከእንጉዳይ ነው። ከድንጋይ ሽበት የሚሠራ ዲ 3 ም አለ። የልባሱ ጄላቲን ደግሞ ከእንስሳ የሚገኝ ነው። ይህ የሚያሳስባችሁ ክርስቲያኖችም ሙስሊሞችም ፋርማሲስቱን ጠይቁ፣ የሃይማኖት አባታችሁንም አማክሩ። በዝምታ ማቋረጥ ግን አይገባም።

ምግብና ፀሐይ

በተፈጥሮው ቫይታሚን ዲ በብዛት ያለው ምግብ ጥቂት ነው። ቅባት ያላቸው የባሕር ዓሦች፣ የእንቁላል አስኳልና ጉበት ይገኙበታል። በጾም ወራት እነዚህ ከማዕድ ይርቃሉ። ስለዚህ 11 ላይ ያለን ሰው በምግብ ብቻ 30 ማድረስ አይታሰብም። ምግብ በይበልጥ የሚረዳው በካልሲየም በኩል ነው። ወተት፣ እርጎና አይብ ቀዳሚዎቹ ናቸው። ለጾም ደግሞ ጎመንና ሰሊጥ አሉ፤ ጤፍም በካልሲየም ከስንዴ ይበልጣል።

ፀሐይን በተመለከተ፣ የማለዳዋ ፀሐይ ደስ ብትልም ጨረሩ ደካማ ነው። የሚጠቅመው ጥላችን ከቁመታችን የሚያጥርበት ሰዓት፣ በእኛ አገር ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት አካባቢ ያለው ነው። በዚህ መካከል ክንድንና እግርን ገልጦ ቆዳ ሳይቃጠል ጥቂት መንቀሳቀስ መልካም ነው። ይሁን እንጂ በእርስዎ ደረጃ ላለ እጥረት ፀሐይ ረዳት ናት እንጂ መድኃኒቱን አትተካም።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው ወጪ

አንድ ነገር ከወዲሁ ይቁጠሩት። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቫይታሚን መውሰድ የዕድሜ ልክ ሥራ ነው። የሙያ መመሪያዎቹ በቀን 3,000 ዩኒት ቫይታሚን ዲ ጀምሮ የደሙ መጠን ከ30 በላይ እስኪሆን መቀጠልን፣ ከምግብና ከእንክብል በድምሩ ከ1,200 እስከ 1,500 ሚሊ ግራም ካልሲየም ማግኘትንም ይመክራሉ። ካልሲየሙ በአንድ ጊዜ ከ500 እስከ 600 ሚሊ ግራም ሳይበልጥ ተከፋፍሎ ይወሰዳል። ከብረት እንክብል ጋር ቢያንስ የሁለት ሰዓት ልዩነት ይኑረው። ሲትሬት የተባለው ዓይነት የጨጓራ አሲድ ስለማይፈልግ ጨጓራው ላነሰ ሰው ከካርቦኔቱ ይሻላል። የደም ምርመራውም በየጊዜው ይደገማል።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ነው። የዕቁቡ ብር ሁሉ ለቀዶ ሕክምናው ካለቀ በኋላ እንክብሉን መግዣ ያጡ ሰዎች አይቻለሁ። ከቀጠሮው በፊት ሐኪምዎን እነዚህን ይጠይቁ፦ የትኛውን ዓይነት ቀዶ ሕክምና ነው የምሠራው? ከዚያ በኋላ በየቀኑ የምወስደው ምን ምን ነው፣ በወርስ ስንት ይፈጃል? በአገር ውስጥ ይገኛል? ከተመለስኩ በኋላ የሚከታተለኝ ማን ነው? ደሜ መቼ መቼ ይለካል? መልሱን በወረቀት ያጽፉ።

ለቤተሰቦችም አንድ ቃል አለኝ። «ደረጃው ከበደኝ፣ አጥንቴን አመመኝ» የሚላችሁን ወፍራም ሰው «ምን ጎደለብህና?» አትበሉት። የጎደለበትን የሚያውቀው ደሙ ነው። ይልቅስ ለምርመራው አብራችሁት ሂዱ፣ እንክብሉን አስታውሱት፤ ቀትር ላይ በደጃፋችሁ ስትንቀሳቀሱም ጥሩት፣ ብቻውን ከሚወጣ ይቀለዋል።

እህቴ፣ ቀዶ ሕክምናዎ የተቃና ይሁን። ጥያቄ ያላችሁ ሌሎች አንባቢያንም ጻፉልኝ። ሳምንት እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።